ውሃ ያልነካው ጓንት

መዝጊያው ያሉት ያለ ነገር አይደለም። ሰውዬው በሳሙና ፋብሪካው ቡድን ጎል ላይ ከቆመ በቃ፣ ተዘጋ ማለት ነው። ቆሞ የሚያድነው ኳስ አለ፣ ዘሎ የሚያድነው አለ፣ አንዳንዱን ደግሞ እንዴት እንዳዳነው እሱም አያውቀውም፤ ከመሬት ተነሥቶ አቧራውን ሲያራግፍ ኳሱ እጁ ውስጥ ሆኖ ያገኘውና እንደ ተመልካቹ ይገረማል። ዕድሜው ሃምሳን ተሻግሮ፣ ቦርጩ ከመለያው ሥር ብቅ ብሎ፣ ጉልበቱ በተነሣ በተቀመጠ ቁጥር እየተንቋቋ እንኳ አጥቂዎች ፊቱ ሲደርሱ እግራቸው ይተሳሰርባቸው ነበር።

የዕለት ሥራው ሳሙና መቁረጥ ነው። የረጋው ሳሙና እንደ ግንድ ረዝሞ በጠረጴዛው ላይ ሲመጣለት በተወጠረ ሽቦ ኩልል አድርጎ ይቆርጠዋል። ከጠረጴዛው ማዶ ቆማ በወረቀት የምትጠቀልለው ልጁ ናት። ቤተሰቡ «ሚጢጢ» ነው የሚላት። ስትወለድ እፍኝ አትሞላም ነበርና ስሙ እዚያው ቀረ እንጂ፣ አሁንማ አባቷን በራስ በልጣ የመልበሻ ክፍሉን በር ጎንበስ ሳትል አትገባም። ከጠረጴዛው ላይ ሳሙና ሲያመልጥ መሬት ሳይነካ ቀልባ፣ ወሬዋን ሳታቋርጥ ወደ ቦታው ትመልሰዋለች። ያንን ያየ ሰው የማን ልጅ እንደሆነች አይጠይቅም።

አሁን ስለ ጓንቱ ልንገራችሁ፤ ነገሩ ሁሉ እዚያ ነው ያለው። የቡድኑ በረኛ ጓንት አንድ ጥንድ ነው፣ ከድሮ ጀምሮ ያው ነው። ሲቀደድ ይሰፋል፣ ሲሳሳ ይጣፋል፣ ግን አይቀየርም። ድሮ ቢጫ ነበር ይላሉ፤ እኔ ሳየው ግን ቀለሙ ምን እንደሚባል የሚያውቅ አልነበረም። ደግሞም አይታጠብም። አንድ ዓመት የአንዱ ተጫዋች ሚስት በየዋህነት አጥባ አስጥታው፣ በዚያው ሳምንት የጆንያ ፋብሪካው ቡድን ሰባት ጎል አግብቶባቸዋል። በቃ፤ ከዚያ ወዲህ ጠብታ ውሃ አልነካውም። ስቃችሁ ጨርሱ። አገር የሚታጠብበትን ሳሙና የሚሠሩ ሰዎች፣ ራሳቸው የሳሙና ሽታ የማይለቃቸው ሰዎች፣ ያንን አንድ ጓንት ከሳሙና እንደ ሌባ ሲደብቁ ኖሩ። መልበሻ ክፍሉ ውስጥ ሚስማር ላይ እርጥቡን ይሰቀላል፣ እርጥቡን ይወርዳል። በሩን ስትከፍቱ ከሰው በፊት እሱ ነው ሰላም የሚላችሁ።

ሌላም ነገር አለ። ያንን ጓንት ያጠለቀ ሁሉ፣ ዓመት ይሁን ሁለት ዓመት ይቆይ እንጂ፣ እጁ ላይ ጠጠር የመሰለ ነገር ያወጣል፤ ሸካራ፣ ደረቅ፣ አናቱ ላይ ጥቋቁር ነጠብጣብ ያለበት። «የኳስ ጠጠር» ይሉታል። ኃይለኛ ኳስ የመታው መዳፍ ነው የሚያወጣው፤ ጠጠር ያላወጣ በረኛ ገና በረኛ አልሆነም። ከመዝጊያው በፊት ጎሉን የጠበቀው ጋሽ ብረቱ፣ አሁን የፋብሪካው ጥበቃ የሆነው ማለት ነው፣ በጉብዝናው ዘመን መዳፉን ገልብጦ ሲያሳይ ሰው እንደ ሜዳሊያ ነበር የሚያይለት። መዝጊያውም የመጀመሪያዋ ጠጠር አውራ ጣቱ ሥር ብቅ ያለች ቀን ቤቱ በደስታ እየበረረ ነው የገባው። ሚጢጢን ጭኑ ላይ አስቀምጦ፣ ያኔ እውነትም ሚጢጢ ነበረች፣ «አየሽ የኔ ልጅ? ይሄ ከኳስ ነው የሚወጣው። አባትሽ አሁን በረኛ ሆነ» አላት። ልጅቷ ጠጠሯን በጣቷ ነካ ነካ አድርጋ፣ «ለኔስ መቼ ነው የሚወጣልኝ?» አለችው።

ይህን ጥያቄ ያዙልኝ።

በረኛ ሲሰናበት ደግሞ ሥርዓት አለው። በዓመቱ ትልቅ ጨዋታ፣ ከጆንያ ፋብሪካው ጋር በሚደረገው ማለት ነው፣ የመጀመሪያውን አጋማሽ አሮጌው በረኛ ይጫወታል። እረፍት ሲሆን መሐል ሜዳ ላይ ጓንቱን ያወልቅና ሙቀቱ ሳይበርድ በገዛ እጁ ለተተኪው ያጠልቅለታል። ሙቁን ጓንት መቀበል ይሉታል። መዝጊያው ዘንድሮ በቃኝ ሲል ተተኪዋ ሚጢጢ እንደሆነች ልምምድ ያየ ሁሉ ያውቃል። እርግጥ ያጉረመረሙ አልጠፉም፤ «ያንን ጓንት ሴት አጥልቃው አታውቅም» የሚሉ ነበሩ። አሠልጣኙ፣ በሥራው የፋብሪካው መካኒክ፣ «ከሷ የተሻለ የሚቀልብ ካለ ይውጣና እንየው» አላቸው። የወጣ የለም። ሚጢጢ ከዚያ ቀን ጀምሮ እንቅልፍ አልነበራትም። ሳሙና እየጠቀለለች ትስቃለች፣ ለብቻዋ ታወራለች፣ አንዳንዴም ባዶ እጇን ወደ ፊት ዘርግታ ጓንት እንደሚያጠልቁላት ሆና ትቆማለች። አባቷ ከማዶ እያያት ልቡ በደስታ ሊፈነዳ ይደርሳል።

እንግዲህ ነገሩ ሁሉ በዚህ አኳኋን እያለ ነው የአውራ ጣቱ ጠጠር የተሰነጠቀችው።

ጥፋቱ የራሱ ነው። ጠጠሮቹ በዝተው ቤተሰብ መሥርተው ነበር፤ ትልቋ ጠጠር ኳስ ሲይዝ ስትወጋው ጊዜ ለመጨረሻው ጨዋታ ልሸልታት ብሎ ምላጭ አነሣ። ቀኑን ሙሉ ሳሙና ሲቆርጥ የሚውል ሰው የገዛ ሥጋውም ሳሙና መሰለው። ደሙ አልቆም አለ። ሚስቱ፣ ልብስ ሰፊ ናት፣ ብጣሽ ጨርቅ ይዛ ደርሳ ጣቱን እየጠቀለለች የልቧን ነገረችው፤ «አንተ ሰውዬ፣ ስንት ዓመት ሙሉ ተው ስልህ። በክር አሰርኩት፣ እምቢ አለ። ጎረቤታችን ኮከብ ቆጥሮ ነው አለች፣ ዝም አልኩ። አሁን ግን ተነሥ፣ ሐኪም ቤት ትሄዳለህ።» እሱም ለጨዋታው እጁ እንዲደርስለት ስለፈለገ ተነሣ።

የቆዳ ሐኪሟ ወጣት ናት፣ ፊቷ ፈገግታ የማይለየው። መዳፉን ብርሃን ሥር አድርጋ በማጉያ መነጽር አገላብጣ አየችው።

«ይሄን ምን ነካው?»

«ምላጭ።»

«ምላጩን ማን ያዘው?»

«እኔው ነኛ ዶክተር። ከኳስ የመጣ ጠጠር ነው ብዬ።»

«ከኳስ አይደለም። የእጅ ኪንታሮት ነው» አለች። መዝጊያው መዳፉን መልሶ ጨበጠው። እሷ ግን እያንዳንዱን ነገር ረጋ ብላ አስረዳችው። በዓይን የማይታይ ቫይረስ ነው የሚያመጣው። ቆዳ በላብ ሲርስ፣ ሲላጥ፣ ትንሽ ጭረት ሲያገኝ በዚያች ሾልኮ ይገባል፤ ገብቶም ወዲያው አይታይም፣ ወራት አድፍጦ ቆይቶ ነው ብቅ የሚለው። ጥቋቁሮቹ ነጠብጣቦችም ሥር አይደሉም፤ በውስጡ ባሉ ጥቃቅን የደም ሥሮች ደም ረግቶ ነው። ለዚህ ነው ሲቆረጥ እንደዚያ የሚደማው፤ ለዚህም ነው በተቆረጠ ቁጥር ጎን ለጎን የሚዘራው።

«ኮከብ መቁጠሩስ?» አለች ሚስቱ፣ ለጎረቤቷ መልስ ይዛ ለመሄድ።

«ይቁጠሩ፣ ምንም አይላቸውም።»

«የሚገድል ነገር ነው?» አለ መዝጊያው፣ ድምፁ ቀጠን ብሎ።

«ኧረ አይገድልም። ብዙውን ጊዜ ጊዜውን ጠብቆ ራሱ ይጠፋል፤ ሰውነት አንድ ቀን ይነቃበትና ያባርረዋል። በተለይ ልጆች ላይ ቶሎ ይጠፋል። እርስዎ ግን ስላባዙት እንረዳዋለን። የተሰነጠቀው እስኪድን አንነካውም። ሌሎቹን ማታ ማታ ለብ ባለ ውሃ ይዘፈዝፉና የሞተውን ቆዳ በሞረድ ቀስ ብለው ይፍቁታል፣ ከዚያ ይሄን አሲድ ያለበትን መድኃኒት በላዩ ላይ ብቻ ያደርጋሉ፤ ደኅናውን ቆዳ እንዳይነካ። እልኸኛ ከሆነ ደግሞ በኃይለኛ ቅዝቃዜ የምናቃጥልበት መንገድ አለን። ዋናው ትዕግሥት ነው፣ ወራት ይፈጃል። ፎጣዎም ሞረድዎም የራስዎ ብቻ ይሁን። ለመሆኑ እጅዎን የሚያስገቡበት፣ ሌላ ሰውም የሚያስገባበት ነገር አለ?»

መዝጊያው ጣሪያ ጣሪያውን አየ። ሚስቱ በክርኗ ጎሸም አደረገችው።

«ጓንት አለ» አለ።

«ስንት ሰው አጥልቆታል?»

«ከኔ በፊት የነበሩት በረኞች ሁሉ።»

«እነሱስ እጃቸው ላይ ይሄ ነበረባቸው?»

«የሌለበት በረኛ የለም ዶክተር።»

«ታጥቦ ያውቃል?»

«አንዴ ታጥቦ ሰባት ገባብን።»

ሐኪሟ እስክሪብቶዋን አስቀመጠች። «ሥራዎ ምን ነበር ያሉኝ?» አለች። ሳሙና ፋብሪካ ሲላት መጀመሪያ ከንፈሯን ነከሰች፣ ቀጥሎ ፊቷን ወደ ግድግዳው አዞረች፣ በመጨረሻ ግን አልቻለችም፤ እንባዋ እስኪፈስ ሳቀች። ሚስቱም አብራ ሳቀች። መዝጊያው ብቻ አልሳቀም፤ ዓይኑ ላይ የመጣችው ባዶ እጇን ዘርግታ ሳሙና መሐል የቆመችው ልጁ ነበረች። ሐኪሟ ሳቋን ስትጨርስ፣ ከጓንቱ ለመያዙ እርግጠኛ መሆን ባይቻልም፣ ሁልጊዜ እርጥብ ሆኖ ከእጅ ወደ እጅ የሚሄድ ነገር ለዚህ ቫይረስ የተመቸ ቤት መሆኑን ነገረችው። «ለሌላ ሰው እንዳይሰጡት። ሁሉም የራሱን ያጥልቅ» አለች።

ወደ ቤት ሲመለሱ በመንገዳቸው ለሚጢጢ አዲስ ጓንት ገዙ። ነጭ ነው፣ ጠርዙ ሰማያዊ። መዝጊያው ይህን ስታይ ትቦርቃለች ብሎ አስቦ ነበር።

አልቦረቀችም። ከከረጢቱ አውጥታ አየችው፣ አገላበጠችው፣ ጠረጴዛው ላይ መልሳ አስቀመጠችው። «ይሄ ምንድን ነው?» አለች።

«ላንቺ ነው። የዛን ቀን ይሄን ነው የማጠልቅልሽ።»

«ያንተውስ?»

«ሐኪሟ ከለከለች። በሽታ አለበት፣ ይሄ እጄ ላይ ያለው ከሱ ነው።»

«ከኳስ ነው። አንተ ራስህ ነህ ከኳስ ነው ያልከኝ፤ እዚህ ጋ፣ ጭንህ ላይ አስቀምጠህ።»

«ተሳስቼ ነዋ የኔ ልጅ።»

«ለሁሉም በረኛ ጠጠር ሆኖ ኖሮ እኔ ጋ ሲደርስ በሽታ ሆነ?» አለች። ድምፅዋ አልጮኸም፣ ይልቅ ዝቅ አለ። «እነዚያ ያሉህን ሰምተህ ነው። ሴት አታጠልቀውም ያሉህን። በቃ እንደዛ በለኝ፣ ይሻለኛል።» ተነሥታ ወጣች። ሆድ ብሷታል። ያንን ሁሉ ኳስ የያዘ ሰው ይህችን አንዲት ነገር ሳይዛት አለፈችው።

አሠልጣኙ ዘንድ ሄዶ ለቡድኑ እንዲነግርለት ለመነው። አሠልጣኙ ጭንቅላቱን ያዘ። «በሞቴ፣ ከጨዋታው በፊት ትንፍሽ እንዳትል» አለው። «ጓንቱ በሽታ አለበት ብዬ ለነዚህ ሰዎች ልንገር? ገና ፊሽካ ሳይነፋ እግራቸው ይርዳል። አንተ እንደሆንክ እጅህ የሆነው ሆኗል፤ የራስህን አጋማሽ በሱ ተጫወት፣ ከዚያ በኋላ እንዳሻህ።» ለሚጢጢ ግን ከዚያ በኋላ ይዘገያል። በሥራ ሰዓት ከማዶ ቆማ ሳሙናውን እየጠቀለለች አባቷን አታየውም። አንዱ ሳሙና ሲያመልጥ ዝም ብላ እያየችው መሬት ወደቀ። ያ የሳሙና ድምፅ ለመዝጊያው ከተገባበት ጎል ሁሉ የከፋ ነበር። ልጁ ጎል ላይ አልቆምም ካለች፣ ከሷም ጋር የነበረው ነገር እዚያው መሬት ላይ መቅረቱ ነው።

የጨዋታው ቀን ደረሰ። አቤት የዛን ቀን ሜዳ። ጆንያ ፋብሪካዎቹ ጆንያ ላይ ስድብ ጽፈው አጥሩ ላይ ዘርግተዋል፤ የኛዎቹ የሳሙና ካርቶን እንደ ከበሮ ይደልቃሉ፤ ልጅ አዋቂው ተጋፍቶ መስመሩ ላይ ቆሟል። ሚጢጢ መጥታለች፣ መለያዋንም ለብሳለች፤ ግን ተቀያሪ ወንበሩ ጫፍ ላይ እጇን አጣምራ ተቀምጣለች። እናቷ «ትገቢያለሽ?» ብትላት ትከሻዋን ብቻ ሰበቀች።

መዝጊያው ሲገባ ሜዳው በሳቅ ፈነዳ። ቦርጩ ጨምሯል። ጨምሯል ማለት ምን፣ አብጧል፤ መለያው ሆዱ ላይ ተወጥሯል። ከጆንያዎቹ በኩል አንዱ «መዝጊያው፣ መቼ ነው የምትወልደው?» አለው። «ከእረፍት በኋላ» አለና ጎሉ ላይ ቆመ።

እና እንዴት እንደተጫወተ። መጀመሪያ ከሩቅ የተላከችውን በጣቱ ጫፍ አሻግሮ አወጣት። ቀጥሎ አጥቂው ብቻውን ሲመጣበት እግሩ ላይ ተጥሎ ቀማው። አንዴ ደግሞ በሆዱ ተንሸራትቶ ሲያድን ቦርጩ አንጥሮ መልሶ ያቆመው መሰለ፤ ሰው ከሳቁ የተነሣ ትንፋሽ አጣ። ያቺ የተሰነጠቀች አውራ ጣቱ በፕላስተር ተጠቅልላ ኳስ በያዘ ቁጥር ትለበልበዋለች፣ እሱ ግን ጥርሱን ነክሶ ዓይኑ በየመሐሉ ወደ ተቀያሪ ወንበሩ ይሄዳል። ልጅቷ እጇን እንዳጣመረች ናት። የኛዎቹ አንድ ጎል አገቡ፣ ሜዳው ተናወጠ፣ እሷ አልተነሣችም። ፊሽካው ተነፋ፣ እረፍት ሆነ።

ሁሉም መሐል ሜዳ ላይ ተሰበሰበ። ጋሽ ብረቱም ዱላውን ብብቱ ሥር ሸጉጦ መጣ፤ እጁን እንደ ልማዱ ኪሱ ውስጥ ከትቷል። አሠልጣኙ ሚጢጢን ክንዷን ይዞ አመጣት። አባቷ ፊት ቆመች፣ እጇን ግን አልዘረጋችም።

መዝጊያው አሮጌውን ጓንት አወለቀ። አሠልጣኙ በዓይኑ ቢለምነው ጆሮ ዳባ ልበስ አለ። ፕላስተሩን ልጦ መዳፉን ለሰው ሁሉ ገልብጦ አሳየ። «ይሄን ታውቁታላችሁ» አለ። «እኔም እንደናንተ ጠጠር ነበር የምለው። በሽታ ነው። ከጓንታችን ነው የመጣው፣ ከበረኛ ወደ በረኛ ስንሰጣጠው ነው የኖርነው። ለልጄ አልሰጣትም። ሴት ስለሆነች አይደለም፤ ልጄ ስለሆነች ነው።»

ጉድ ፈላ። አንዱ «ጓንቱን እየሰደብክ ነው» አለ፣ ሌላው «ተሸነፍን በሉ» አለ። በዚህ መሐል ጋሽ ብረቱ ዱላውን ከብብቱ ጣለና ስንት ዘመን ከኪሱ ያላወጣውን ሁለት እጁን አወጣ። ንጹሕ ነው። ለስላሳ፣ አንዲት ጠጠር የሌለበት የሽማግሌ እጅ። «የኔ ጓንቱን ካስረከብኩ በኋላ አንድ በአንድ ጠፋ» አለ፣ እያፈረ። «በረኛነቴን የተነጠቅሁ መስሎኝ እጄን ሰው እንዳያይብኝ ስደብቅ ኖርኩ። መዝጊያው እውነቱን ነው።» ከዚያ በኋላ የሚያጉረመርም ሰው አልተገኘም።

ሚጢጢ ግን ፊቷ ተለዋወጠ። አመልካች ጣቷ ላይ የጠቀለለችውን ጨርቅ መፍታት ጀመረች። ወረቀት ቆርጦኝ ነው ትል ነበር፣ ማንም ልብ ብሎት አያውቅም። ፈትታ ጨርሳ ጣቷን ለአባቷ ዘረጋችለት። ትንሽ፣ ሸካራ፣ አናቷ ላይ ጥቁር ነጥብ ያለባት ጠጠር።

«ጠዋት ጠዋት ከሰው ቀድሜ እየገባሁ ጓንትህን አጠልቀው ነበር» አለች። «ስትወጣልኝ አለቀስኩ፣ ከደስታ። ዛሬ ጓንቱን ስታጠልቅልኝ ላሳይህ ነበር የደበቅኳት። እኔም በረኛ ነኝ ልልህ።»

ያንን ጥያቄ ያዙልኝ ብያችሁ አልነበር? ለኔስ መቼ ነው የሚወጣልኝ ያለችው ልጅ ይኸው መልሷን በጣቷ ይዛ ቆማለች፤ የዘራባትም አባቷ ራሱ ነው። እጇን ይዞ፣ «ሚጢጢ» አላት፣ «እኔ እንኳ ጎል ላይ የቆምኩት ጠጠር ሳይኖረኝ በፊት ነው። አንቺን ደግሞ ያ የምትቀልቢው ሳሙና ነው በረኛ ያደረገሽ። ይቺ የምትድን ነገር ናት፣ አብረን እናድናታለን። በረኛነትሽ ግን መድኃኒት የለውም።»

«ሙቁን ጓንት ነበር የፈለግኩት» አለች፣ እንደ ልጅነቷ።

ይሄኔ መዝጊያው መለያውን ወደ ላይ ገለጠ። ያ ሁሉ የተሳቀበት ቦርጭ። አዲሱ ነጭ ጓንት ሆዱ ላይ በሚስቱ መቀነት ታስሮ ነበር፤ ያንን አጋማሽ ሙሉ፣ በዘለለበትም በተጣለበትም፣ ሆዱ ላይ ሲያሞቀው ነው የቆየው። ፈታና አንዱን ያዘላት። ሚጢጢ እጇን አስገባች። ጓንቱ ትኩስ ነበር፤ ከምድጃ አጠገብ የዋለ ልብስ ያህል ይሞቃል። ልጅቷ አንድ ጊዜ ሳቀች፣ አንድ ጊዜ አለቀሰች፣ ሌላኛውንም እጇን ዘረጋች። ሚስቱ ከመስመሩ ላይ ሆና በሻርፗ ዓይኗን ጠረገች።

ሁለተኛው አጋማሽ እንደተጀመረ ገባባት። አዎ፣ ገባባት፣ ውሸት አልነግራችሁም፤ በማዕዘን ምት፣ በጭንቅላት። አንድ አንድ። «ጓንቱ ነው» የሚል ሹክሹክታ ተነሣ። መዝጊያው ከጎሉ ጀርባ ሄዶ ቆመና «ሳሙና ነው በይው፣ ሳሙና» አላት። ከዚያ ወዲያ ያለፋት የለም። ከግራ መጣ፣ ያዘች። ከቀኝ መጣ፣ ያዘች። ጨዋታው ሊጠናቀቅ ትንሽ ሲቀረው ግን የኛው ተከላካይ ሰው ጠለፈና ዳኛው ፍጹም ቅጣት ምት አሳየ። ካርቶኑ ዝም አለ። የጆንያዎቹ አጥቂ ኳሱን አስቀመጠ፣ ተንደረደረ፣ ወደ ታች ጥግ ላከው። ያ የሚጢጢ ረጅም ቁመት ሁሉ መሬት ላይ ተዘረጋ። ኳሱ እጇ ውስጥ ነበር፤ አልተፋችውም፣ አላወጣችውም፣ እንደዚያ እንደሚያመልጥ ሳሙና ቀልባ ደረቷ ላይ ይዛው ቀረች።

ስለ ጩኸቱ አልነግራችሁም፤ የሰማ ያውቀዋል። ጨዋታው አንድ አንድ አለቀ፣ ግን የኛዎቹ ዋንጫ እንደበላ ሰው ነው የጨፈሩት። አሮጌውን ጓንት ጋሽ ብረቱ ራሱ ተሸክሞ ወስዶ የሳሙና ውሃ ባለበት ባልዲ ውስጥ ነከረው። ውሃው ወዲያው ጠቆረ፤ ደፍተው ሌላ ሞሉ፣ እሱም ጠቆረ። ቢጫነቱ ብቅ ማለት ሲጀምር ሽማግሌው «ለካ ቢጫ ነበር» አለ። አሁን የጥበቃው ክፍል ግድግዳ ላይ ተሰቅሏል፣ ማንም አያጠልቀውም።

ሰኞ አባትና ልጅ ሐኪም ቤት አንድ አግዳሚ ወንበር ላይ ጎን ለጎን ተቀመጡ። ሐኪሟ ሁለቱን ስታይ በሳቅ ጀመረችው፤ መድኃኒቱንም አጠቃቀሙንም ደግማ ነገረቻቸው። ቤት ውስጥ ነገሩን የያዘችው ሚስት ናት፤ ለየብቻ ሳህን፣ ለየብቻ ሞረድ፣ ለየብቻ ፎጣ፣ የተሳሳተ ወዮለት። ማታ ማታ ሁለቱ እጃቸውን ለብ ያለ ውሃ ውስጥ ነክረው ያን ቅጣት ምት ደግመው ደግመው ይጫወቱታል። የሚጢጢ ቀድማ ጠፋች። የመዝጊያው አውራ ጣት ላይ ያለችው እልኸኛ ሆና በቅዝቃዜ ነው የተሸነፈችው፤ እሷም ሄደች።

ሚጢጢ ጓንቷን ከየጨዋታው በኋላ ራሷ በሠሩት ሳሙና አጥባ ታሰጣለች። በጨዋታ ቀን ግን ጠዋት ለአባቷ ትሰጠዋለች፤ እሱም ሆዱ ላይ አስሮ መለያውን ያለብስበትና መጫወቻ ሰዓቱ እስኪደርስ ያሞቅላታል።